የተያዘ ሰው መብት

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ከ13ኛው እስከ 44ኛው አንቀጽ ስለ መሠረታዊ መብቶችና ነጻነቶች ከደነገጋቸው ሁሉ፣ ዜጋ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው የትኛው ነው ተብዬ ብጠየቅ መልሴ 19ኛው ነው፤ ሰው ተይዞ የደረሰበት ካልታወቀ የመናገሩም፣ የመሰብሰቡም፣ ንብረት የማፍራቱም መብት ሁሉ አብሮት ይታሰራልና።

ቀድሞ፣ ፍትሐ ነገሥት የፍርድ መጽሐፍ በነበረበት ዘመን፣ ተገፋሁ ያለ ሰው ጣናን ተሻግሮ ከደሴቶቹ ገዳማት በአንዱ ይማጠን ነበር፤ መጠጊያው ግን በአበው ርኅራኄና በገዢው ፈሪሃ እግዚአብሔር የጸና እንጂ በመብት የሚጠየቅ አልነበረም። የዛሬው ሕገ መንግሥት በ10ኛው አንቀጽ መብት ከሰው ልጅ ተፈጥሮ የሚመነጭ ነው ስላለ፣ ማንም ባለሥልጣን በቸርነት የሚሰጠው አይደለም።

በጣና ሐይቅ ባለችው በደቅ ደሴት የሚኖር አንድ ገበሬ በወንጀል ተጠርጥሮ ተያዘ እንበል። በ19ኛው አንቀጽ መሠረት የተያዘበት ምክንያት ወዲያውኑ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው፣ ላለመናገር መብት እንዳለውና የሚሰጠው ቃል ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል ሊገለጽለት፣ በ48 ሰዓትም ውስጥ ከዳኛ ፊት ሊቀርብ ይገባል፤ ተገድዶ የሰጠው ቃል ተቀባይነት የለውም። ጀልባዋ ሐይቁን አቋርጣ ማዶ እስክትደርስ ያለው ጊዜ ከ48ቱ ሰዓት አይገባም፤ ሕጉ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚያስፈልገውን ጊዜ ለይቶ ትቶታልና። ከዚህ ከጉዞው ጊዜ በቀር ግን ሰንበትንም ሆነ በዓልን ለይቶ አላነሣም።

የሚያሳዝነኝ፣ 93ኛው አንቀጽ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት እንኳ አይነኩም ብሎ ከዘረዘራቸው መካከል 19ኛው አንቀጽ አለመኖሩ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የታወጀው፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ለ4 ወራት የተራዘመው አዋጅ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ለመያዝ ሥልጣን ሰጥቶ ነበር። ጥበቃው እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ሊላላ መቻሉ የሕጉ ታላቅ ጉድለት ነው እላለሁ።

ፖሊስ የተያዘውን ሰው በጊዜው ካላቀረበ፣ አካል ነጻ ለማውጣት ለፍርድ ቤት አቤት ማለት ይቻላል፤ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም በ177ኛው ቁጥር፣ ታሳሪው ራሱ ቃለ መሐላ ማቅረብ ባይችል ሌላ ሰው ምክንያቱን ገልጾ በስሙ እንዲያቀርብ ፈቅዷል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ዘመድህ ወይም ጎረቤትህ በተያዘ ጊዜ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የያዘውን ክፍል፣ የታየበትን ቦታና ያዩትን ምስክሮች ሳትውል ሳታድር ጻፍ፤ ከዳኛው ፊት የሚጠየቀው ይኸው ነውና።