ከምሁራን ጠረጴዛ የወጡ ነፃ ሶፍትዌሮች

በዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተመራማሪዎች ተጽፈው ለማንም የሚሰጡ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሱት ከአንድ ሰው የግል ችግር ነው። ተመራማሪው የሚፈልገው መሣሪያ ገበያ ላይ የለም፤ ቢኖርም ዋጋው አይቀመስም ወይም ሥራውን እንደልቡ አያሠራውም። ስለዚህ ራሱ ይጽፈዋል፣ ለባልደረቦቹም ያካፍላል። እዚህ ላይ «ነፃ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው ክፍያ አለመኖሩ ነው። ሁለተኛው ተጠቃሚው የፕሮግራሙን ምንጭ ኮድ ከፍቶ ማንበብ፣ ማረምና ለሌላ ማካፈል መቻሉ ነው። ለሳይንስ ይበልጥ የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው፤ ስሌቱ እንዴት እንደተሠራ ካልታየ ውጤቱን መመርመር አይቻልምና።

ከአንጋፋዎቹ አንዱ ቴክ የተባለው የገጽ ማሰናጃ ነው። የስታንፎርዱ ፕሮፌሰር ዶናልድ ክኑዝ እ.ኤ.አ. በ1977 የመጽሐፋቸው የሁለተኛ ቅጽ አዲስ እትም ናሙና ሲደርሳቸው የፊደሉ መልክ አላማራቸውም። መጽሐፉን አቆይተው ገጽ የሚያሰናዳ ፕሮግራም ሊጽፉ ተነሱ። በአጭር ጊዜ ይጠናቀቃል ያሉት ሥራ አሥር ዓመት ገደማ ፈጀ። ውጤቱ ግን የሒሳብና የፊዚክስ ጽሑፍ እስከ ዛሬ የሚታተምበት መሣሪያ ሆነ። ክኑዝ በቴክ ውስጥ ስህተት ላገኘ ሰው በቼክ ይከፍሉ ነበር፤ ሽልማቱ በየጊዜው እየጨመረ 327 ዶላር ከ68 ሳንቲም ደርሷል። ብዙዎቹ ግን ቼኩን ባንክ ከመውሰድ ይልቅ ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። የፕሮግራሙ የእትም ቁጥር በየእርማቱ ወደ ፓይ እየተጠጋ ይሄዳል፤ በ2021 የወጣው 3.141592653 ነው። አማርኛን በቴክ መጻፍ ለሚፈልግም «ኢትዮፕ» የተሰኘ ጥቅል ከግዕዝ ፊደል ቅርጾች ጋር በነፃ ይገኛል።

በስሌት በኩል የሚታወቁት ኦክታቭና አር ናቸው። ኦክታቭ መጀመሪያ የታሰበው ለኬሚካል ምህንድስና ተማሪዎች መማሪያ እንዲሆን ነበር፤ ጆን ኢተን በ1992 መጻፍ ጀመሩ፤ ስሙም የሙዚቃ ሳይሆን የቀድሞ መምህራቸው የኦክታቭ ሌቨንስፒል ነው። አርን በኒውዚላንዱ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን ናቸው። በ1995 በነፃ ፈቃድ ለቀቁት፤ ዛሬ የስታቲስቲክስ ትምህርት ያለ እሱ የሚታሰብ አይደለም።

ሳይንሱና የትርፍ ጊዜ ፍላጎቱ የሚገናኙበት ሥራ ግን ከሁሉ ይስባል። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ኤድዋርድ ራይንጎልድ ኢማክስ ለተባለው ነፃ የጽሑፍ ማረሚያ የቀን መቁጠሪያ ጻፉ። ከናኩም ደርሾዊትዝ ጋር ሆነውም የብዙ ሕዝቦችን አቆጣጠር ወደ ስሌት ቀመር ቀይረዋል። ዘዴያቸው ቀላል ነው። ማንኛውም ቀን ከአንድ መነሻ ጀምሮ ወደሚቆጠር የዕለታት ብዛት ይለወጣል፤ ከዚያ ብዛት ደግሞ ወደፈለጉት አቆጣጠር ይመለሳል። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ለዚህ የተመቸ ነው፤ 12ቱ ወራት 30፣ 30 ቀን ናቸው፣ አራት ዓመት ደግሞ ሁልጊዜ 1461 ቀን ነው። ኮምፒውተሩ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ሲያካፍል 3 ከተረፈ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ይህንኑ ዓመት ዘመነ ሉቃስ ይሉታል። 2015 ዓ.ም. እንዲህ ነበር።

ሌላው ምሳሌ ከአማተር ሬዲዮ ነው። ጆሴፍ ቴይለር ከራስል ሃልስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1974 ጥንድ ኮከብ ያለው፣ የሬዲዮ ምልክት የሚልክ ፐልሳር የተባለ ኮከብ አግኝተው በ1993 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተቀበሉ የቀድሞ የፕሪንስተን ፕሮፌሰር ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሬዲዮ አማተርም ናቸው። ከጠፈር የሚመጣ ደካማ ምልክትን ከጫጫታ መለየት ሙያቸው ስለነበር ያንኑ ጥበብ በ2001 ለአማተሮች ፕሮግራም አደረጉት። በ2017 ደግሞ ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ፍራንክ ጋር ኤፍቲ8 የተባለውን የግንኙነት ዘዴ አወጡ። ስሙ የሁለቱ የአባት ስም መነሻ ፊደላትና ዘዴው የሚጠቀምባቸው 8 ድምፆች ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንዱ አማተር የጥሪ ስሙንና ያለበትን አካባቢ ይልካል፤ ለዚህ 15 ሰከንድ ተመድቦለታል። በሚቀጥለው 15 ሰከንድ ሌላው ይመልሳል፤ ከዚያ ምልክቱ በምን ጥንካሬ እንደደረሰ በቁጥር ይለዋወጣሉ፣ በመጨረሻም በአማተሮች ቋንቋ ስንብት በሆነው 73 ይለያያሉ። ሁሉም ነገር ከአንድ ደቂቃ ተኩል ብዙ አያልፍም። ምልክቱ በጆሮ ፈጽሞ የማይሰማ ቢሆንም ኮምፒውተሩ ያነበዋል። የኮምፒውተሩ ሰዓት በጥቂት ሰከንዶች ከተዛባ ግን አንድም ቃል አይያዝም፤ ጀማሪዎችን ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። 

የእነዚህ ፕሮግራሞች ድክመት ከጥንካሬያቸው ጋር ከአንድ ምንጭ ይቀዳል፤ ሁለቱም የሚመጡት ፕሮግራሞቹ የአንድ ወይም የጥቂት ሰዎች ሥራ ከመሆናቸው ነው። የትምህርት ተቋማት ዕድገት የሚሰጡት በታተመ ጥናት እንጂ በተጻፈ ኮድ ስላልሆነ ብዙው ሥራ የሚሠራው በሌሊትና በእረፍት ቀን ነው። ገንዘብም አይገኝም። ብዙ ተመራማሪዎች የሚሠሩበት ኑምፓይ የተባለው የስሌት ፕሮግራም እንኳ ለልማቱ የተመደበ የመጀመሪያ ድጎማ ያገኘው በ2017 ነው። ጸሐፊው ጡረታ ሲወጣ ወይም ሲሰለች የሚረከብ ካልተዘጋጀ ፕሮግራሙ ይቆማል። የአር ጀማሪዎች ይህን አስቀድመው ስላሰቡ በ1997 ሥራውን ለአንድ ቡድን አካፈሉ። ሌላም ምሳሌ አለ፤ የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪው ጆን ሃንተር የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ታማሚዎች የአንጎል ምልክት ለማየት ብለው የጻፉትን ማትፕሎትሊብ የተባለ የሥዕላዊ መግለጫ ፕሮግራም በ2003 ለሕዝብ አወጡ። ሃንተር በ2012 በ44 ዓመታቸው አረፉ፤ ፕሮግራሙን ግን በጎ ፈቃደኞች ተረክበውት ነበር። በ2019 የወጣውን የመጀመሪያውን የጥቁር ጉድጓድ ምስል ያዘጋጁት ተመራማሪዎች ከተጠቀሙባቸው ነፃ መሣሪያዎች አንዱ እሱ ነው።