ብሎኩ ሲነሣ ጽሑፉ ይቀራልን?

ድረ ገጽ ለማዘጋጀት ከሚያገለግሉት ፕሮግራሞች አንዱ የሆነው ዎርድፕሬስ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 ባወጣው 5.0 እትም የአጻጻፍ ዘዴውን ከመሠረቱ ለወጠ። ቀደም ሲል አንድ ገጽ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ጽሑፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አንቀጹ፣ ርእሱ፣ ሥዕሉና ሠንጠረዡ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ «ብሎኮች» ሆነዋል፤ ጸሐፊውም ግንበኛ ብሎኬት እንደሚደረድር ያነሣቸዋል፣ ያስቀምጣቸዋል፣ ቦታ ያለዋውጣቸዋል። የማዘጋጃው ስም ጉተንበርግ ነው፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓ በተንቀሳቃሽ የብረት ፊደል የማተምን ጥበብ ካስጀመረው ሰው የተወሰደ ነው። በግእዝ የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ የሆነው መዝሙረ ዳዊትም በዚሁ ጥበብ እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ ወጥቷል።

ዝግጁ ብሎኮች ሳይበቁ ሲቀሩ ፕሮግራም የሚያውቅ ሰው የራሱን ብሎክ ሊሠራ ይችላል። ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጌዶና በባኮ መካከል በምትገኘው በእጃጂ፣ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ለትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ የፈተና ፕሮግራም ማውጫ ብሎክ ሠራ እንበል። ተማሪው በሚቀጥለው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ይገባል። መምህራን በዚያ ብሎክ የጻፉትስ ምን ይሆናል? መልሱ የሚወሰነው ብሎኩ በተሠራበት ዘዴ ነው።

የብሎክ አካላት

አንድ ብሎክ በዋናነት ሦስት ነገሮች አሉት። የመጀመሪያው መታወቂያው ነው፤ በውስጡ የብሎኩ ስምና የሚይዛቸው መረጃዎች ዓይነት ይዘረዘራሉ። በእኛ ምሳሌ መረጃዎቹ የትምህርቱ ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ ናቸው። በፊዚክስ ብዙውን ጊዜ አሃድ የሌለው ቁጥር ትርጉም እንደማይሰጥ ሁሉ፣ ዓይነቱ ያልተገለጸ መረጃም ለኮምፒውተሩ ትርጉም የለውም። ሁለተኛው ጸሐፊው በማዘጋጃው ውስጥ የሚያየውን ቅርጽ የሚወስነው ክፍል ነው። ሦስተኛው ደግሞ የተጻፈው በምን መልክ እንደሚቀመጥ የሚደነግገው ክፍል ነው።

ጽሑፉ እንዴት ይቀመጣል?

ገጹ ሲቀመጥ እያንዳንዱ ብሎክ ወደ ተራ ኤችቲኤምኤል ይለወጥና በዳታቤዙ ውስጥ ይጻፋል። በፊቱና በኋላው ብራውዘር ለአንባቢ የማያሳየው ምልክት ይደረግለታል፤ ምልክቱ «እዚህ የሚጀምረው ይህ ብሎክ ነው፤ እዚህ ያበቃል» ይላል።

ገጹ ለእርማት እንደገና ሲከፈት ማዘጋጃው መረጃውን ያነባል፣ ሦስተኛውን ክፍል እንደገና ያሠራል፣ ውጤቱንም ከተቀመጠው ጋር ያነጻጽራል። ሁለቱ ካልተስማሙ የብሎኩ ይዘት ልክ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ስለዚህ ተማሪው ሠንጠረዡን ለማሳመር ኮዱን ቢለውጥ፣ ቀድሞ የተጻፉት ገጾች ሁሉ በማዘጋጃው ዘንድ «የተበላሹ» ይሆናሉ። መፍትሔው የቀድሞውን አሠራር ሳይሰርዙ ከአዲሱ ጋር በኮዱ ውስጥ ማቆየት ነው፤ ማዘጋጃው አሮጌውን ገጽ በአሮጌው ደንብ አንብቦ ወደ አዲሱ ያሸጋግረዋል።

ከፊደላችን ታሪክ የምንማረው

ይህ ችግር ለአማርኛ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ለአማርኛ የተሠሩት ሶፍትዌሮች ለፊደላቱ የሚሰጡት ቁጥር የተለያየ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ሶፍትዌር በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለፊደላችን የራሱን ስፍራ ሰጠው፤ «ሀ» ደረጃውን በሚከተል ኮምፒውተር ሁሉ ቁጥሯ 4608 ሆነ። ጽሑፉ ከተጻፈበት መሣሪያ ነጻ የወጣው ያን ጊዜ ነው። ብሎክ የሚሠራ ሰው ጽሑፉን መልሶ በራሱ ፕሮግራም ውስጥ እንዳይቆልፈው መጠንቀቅ አለበት።

የትኛው ይጻፍ፣ የትኛው ይሰላ?

ከላይ የገለጽነው ቋሚ ብሎክ ነው። ሌላም ዓይነት አለ፤ ይኸውም ተለዋዋጭ ብሎክ ነው። በዚህኛው ብዙውን ጊዜ መረጃው ብቻ በማይታየው ምልክት ውስጥ ይቀመጥና ገጹ በተጠየቀ ቁጥር አገልጋዩ ኮምፒውተር ቅርጹን እንደ አዲስ ይሠራል። ጥቅሙ ኮዱ ሲሻሻል ገጾቹ ሁሉ ወዲያው መሻሻላቸው ነው። ጉዳቱ ግን ፕሮግራሙ የተነሣ ዕለት ይዘቱ ከአንባቢ ዓይን መሰወሩ ነው፤ በቋሚው ብሎክ ግን ኤችቲኤምኤሉ በገጹ ላይ ይቀራል።

እኛ የምንመክረው ደንብ አጭር ነው፦ ሰው ያሰበውና የጻፈው በቋሚ ብሎክ ይቀመጥ፤ ኮምፒውተር መልሶ ሊያሰላው የሚችለው በተለዋዋጭ ብሎክ ይሠራ። የፈተናው ማውጫ ከመጀመሪያው ወገን ነው። በገጹ አናት ላይ የዛሬውን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያሳየው ብሎክ ግን ከሁለተኛው ነው። አዲስ ዓመታችን በዘመናችን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዴ 12 ስለሚውል፣ ይህን በየዕለቱ በእጅ ከመጻፍ ለአገልጋዩ ስሌት መተው ይሻላል።

ብሎኩን ለሌላ ከማስረከብ በፊት የሚደረግ አንድ ቀላል ሙከራ አለ። የድረ ገጹን ቅጂ ወስዶ፣ በቅጂው ላይ ፕሮግራሙን አጥፍቶ ገጹን መክፈት ነው። ሠንጠረዡ ውበቱን ቢያጣም የሒሳብ ፈተና በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚሰጥ አሁንም የሚነበብ ከሆነ፣ ሠሪው ቢሄድም ትምህርት ቤቱ የጻፈውን አላጣም ማለት ነው።