በከንፈር የሚቃኝ

ክራር ደርዳሪ ዜማውን ሳይጀምር አውታሮቹን አንድ በአንድ እያጠበቀና እያላላ ይቃኛል። ትዝታም ይሁን ባቲ፣ ቅኝቱ አንዴ ከተያዘ ጣቱን አምኖ ይደረድራል። ሳክስፎን ግን አውታር የለውም። ታዲያ በምን ይቃኛል?

ቤልጅጋዊው አዶልፍ ሳክስ እ.ኤ.አ. በ1846 ፓሪስ ላይ የፈጠራ መብት ያገኘበት ይህ መሣሪያ ገላው ነሐስ ቢሆንም ድምፁ የሚወለደው ከሸምበቆ ነው። ሪድ የሚባለው ስስ የሸምበቆ ቁራጭ ማውዝፒስ በሚባለው አፍ ውስጥ የሚገባ ጫፍ ላይ ታስሮ በትንፋሽ ሲርገበገብ በቧንቧው ውስጥ ያለው አየር አብሮት ይርገበገባል። ቧንቧው ባጠረ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል፤ በረዘመ ቁጥር ይወፍራል።

ማውዝፒሱ የሚሰካበት የአንገቱ ጫፍ በቡሽ የተሸፈነውም ይህን ርዝመት ማስተካከል እንዲቻል ነው። ማውዝፒሱን ወደ ውስጥ ገፋ ሲያደርጉት ድምፁ ይወጣል፤ ሳብ ሲያደርጉት ይወርዳል። ቡሹን ቅባት ቀብቶ፣ ማውዝፒሱን እያሽከረከሩ በጥቂት በጥቂቱ ማስኬድ ነው።

ከዚያ በፊት ግን መሣሪያው ይሙቅ። ድምፅ በሞቀ አየር ውስጥ ፈጥኖ ስለሚጓዝ ቀዝቃዛ ሳክስፎን ወርዶ ይጀምርና በትንፋሽ ሲሞቅ ይወጣል። ከሳጥኑ እንዳወጣው የቃኘ ሰው ሁለተኛው ዘፈን ላይ ከኪቦርዱ ጋር ተጣልቶ ይገኛል።

የተለመደው መለኪያ በሰከንድ 440 ጊዜ የሚርገበገበው ኤ ነው። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በሳክስፎን የድምፆቹ ስም ከኪቦርዱ ስለሚለይ፣ ኪቦርዱ ኤ ሲመታ የአልቶ ሳክስፎን ተጫዋች ኤፍ ሻርፕ፣ የቴነር ሳክስፎን ተጫዋች ደግሞ ቢ መያዝ አለበት። ኪቦርዱ 440፣ አልቶው 443 ላይ ከሆኑ አብረው ሲሰሙ ድምፁ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ዋ... ዋ... ዋ... እያለ ይዋዥቃል። ማውዝፒሱን ሳብ ሲያደርጉት መዋዠቁ እየዘገየ ሄዶ ይጠፋል።

የተቃኘው ግን ያ አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ጥቂት ሚሊሜትር መሳብ ቧንቧው አጭር በሆነባቸው ቀጫጭን ድምፆች ላይ የሚያመጣው ለውጥ በወፍራሞቹ ላይ ከሚያመጣው ይበልጣል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ድምፅ የየራሱ ጠባይ አለው። በኦክታቭ ቁልፍ የሚያዘው የመካከሉ ዲ መውጣት ይወዳል፤ ጣት ሁሉ ተነስቶ የሚነፋው ሲ ሻርፕ መውረድ ይቀናዋል። ይህን የሚያርመው አፍ ነው፦ ከንፈር ሲጠብቅ ድምፁ ይወጣል፣ አገጭ ሲላላ ይወርዳል፣ ምላስና ጉሮሮም ያግዛሉ።

ልምምዱም የጆሮ ልምምድ ነው። ድምፁን በመጀመሪያ በአፍ ማዜም፣ ከዚያ ዓይን ጨፍኖ ልክ እስኪመስል ድረስ በረጅሙ መንፋት፣ በመጨረሻ ዓይን ገልጦ ቱነር የሚባለውን የቅኝት መለኪያ ማየት። የቱነሩን መርፌ እያየ ብቻ የሚነፋ ዓይኑን እንጂ ጆሮውን አያስለምድም።

አገጭን ማላላት ግን ቅኝትን ለማረም ብቻ አይደለም። ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ወደ ቴነር ሳክስፎን ሲያመጣው፣ ነሐሱ እንደ ሸላይ ጉሮሮ የተለጠጠውና የተሰበረው ድምፅን ከልኩ አውጥቶ መመለስ ስለሚቻል ነው። ለመመለስ ግን ልኩ የት እንደነበረ ጆሮ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።