ያልተለካ መሬት፣ የምትለካ ልጅ

በ1960 ዓ.ም. የሞጣና የቢቸና ገበሬ መሬቴ አይለካም ብሎ ነፍጡን አነሣ። በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ያዘዘው አዝመራ እንዲገመት ነበር። ገበሬው ግን ነገሩን አርቆ አየው፤ ዛሬ አዝመራውን የገመተ ነገ ማሳውን ይለካል፣ የተለካ ርስት ደግሞ በባለቤቱ እጅ አይቆይም አለ። ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ። መጨረሻው ግን የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ገዥ የደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ መነሣትና የመንግሥት ማፈግፈግ ሆነ። ያ አመፅ ስም አለው፤ ምሁራን ጽፈውበታል፣ ሽማግሌዎች ይፎክሩበታል።

በዚያው አገር የሴት ልጅ እምቢታ ግን ስም አልወጣለትም። ነፍጥ ስላልያዘች፣ ጫካ ስላልገባች ይሆናል። አንዷ በሌሊት አውቶቡስ ተሳፍራ ትጠፋለች፣ አንዷ ለአስተማሪዋ በጆሮ ትነግራለች፣ አንዷ ገበያ ብላ ወጥታ ጤና ኬላ ትገባለች። እነዚህን የሚቆጥር ታሪክ ጸሐፊ እስካሁን አላየሁም።

የምትለካው ልጅቱ ናት። የገና ጾም ተፈትቶ የጥር ሠርግ ሲቃረብ፣ ልጃገረድ ለዕድሜ ምርመራ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ በአማራ ክልል ብዙ ወረዳዎች የታወቀ ነገር ሆኗል። የልደት ወረቀት ስለሌላት ዳኛው ዓይን ነው፤ ቁመቷ ይታያል፣ ጥርሷ ይታያል፣ ጡቷ ይታያል። “ደርሳለች” ከተባለ ድንኳን ይተከላል። ቤተሰቡ ከፈራ በታናሽ ስም ታላቅ እህት ትላካለች። አንዳንዱ ደግሞ እዚያው እያለን ድንግልናዋንም እዩልን ይላል። ልጅቱን ከሠርግ ሊያስጥል የታሰበ ምርመራ፣ ገላዋን ለአንድ ተጨማሪ እንግዳ የሚያስገላልጥ ሆኖ አረፈው።

ለምን ወረቀት አልኖራትም? የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም ጾታ 18 ያደረገው በ1992 ዓ.ም. ነው፤ የአማራ ክልልም በ1995 የራሱን ሕግ አወጣ። ከዚያ በፊት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመት ይበቃል ይል ነበር። ልደትን በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የተጀመረው ግን ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ማለትም ሕጉ 18 ብሎ ሲያዝ፣ 18 መሙላቷ የሚታይበት መዝገብ ከ16 ዓመት በኋላ መጣ። በመካከሉ ያሉት ልጆች ዕድሜ በአባታቸው አፍ የቀረ ነው፤ አባት ደግሞ በዚህ ጉዳይ ሻጭም ምስክርም ነው። “ሻጭ” ማለቴ ቃሉ ከበደ መሰለኝ። አባትየው እንዲህ ብትሉት በእውነት ያዝናል።

ማዘኑም ያለ ምክንያት አይደለም። በጎጃም ልጅን በጊዜ መዳር የጭካኔ ሥራ ተደርጎ አይታይም፤ አባት ዓይኑ ሳይጨፈን የሚከፍለው ዕዳ ነው። ርስት በአባትም በእናትም ወገን በሚቆጠርበት ዘመን አንድ ጋብቻ የሁለት ዘር የመሬት ክርክር ይዞ ይመጣ ነበር፤ ባላንጣ አማች ይሆን ነበር፣ አማች ምስክር ይሆን ነበር። ከዚያ በተወረሰ ልማድ ሁለት ወዳጆች ልጆቻቸው ገና ሳይወለዱ ቃል ይገባባሉ። ልጅቱ በሰባት በስምንት ዓመቷ ተድራ ለአማቶቿ በማደጎ ትሰጣለች፤ እዚያው ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ከአማቷ ጎን ተኝታ እስክትደርስ ታድጋለች። መቼ “እንደ ደረሰች” የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። ዲያቆኑም ለቅስና ለመብቃት ድንግል ማግባት አለበትና ሥጋቱን በልጅነቷ መውሰድ ያስታግስለታል። ካልተዳረች ደግሞ ቃሉ ዝግጁ ነው፤ “ቆማ ቀር”። ይህች ስድብ ከማንኛውም የወንጀል አንቀጽ በላይ ትፈራለች።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት “ፍቅር እስከ መቃብር” ሰብለ ወንጌልን ያኖሯት ከቢቸና ብዙ በማይርቀው በዲማ ነው። የእሷ መከራ ተገላቢጦሽ ነው፤ አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለዘራቸው የሚመጥን አጥተው ሳይድሯት ዕድሜዋ አለፈ። አንዷ በስምንት ዓመቷ ትዳራለች፣ ሌላዋ ሳትዳር ትከርማለች፤ ቁልፉ ግን በሁለቱም ቤት በአንድ ሰው ወገብ ላይ ነው። ሰብለ ከአባቷ አገር የወጣችው መነኩሴ መስላ፣ የሴትነቷን ገላ በቆብና በቀሚስ ሸፍና መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በዚያ አገር ሴት በራሷ እግር በነፃነት ልትሄድ የምትችለው ሴት መሆኗን የተወች ስትመስል ብቻ እንደ ነበር ሐዲስ በአንድ ልብስ ነገሩን።

የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ያለ ዕድሜዋ የተዳረችው 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ይላል። ገጠሩ ለዚህ መልስ አላጣም። ሠርጉ ተዝካር ይባላል፣ ማኅበር ይባላል፣ ክርስትና ይባላል፤ ጠላው ያው ጠላ፣ እንጀራው ያው እንጀራ ነው፣ ሙሽራዋ ብቻ አትታይም። ጎረቤት አይከስስም፤ ነገ እሱም ልጅ አለው። ቀበሌውም ዘመድ ነው። ስለዚህ ሕጉ እውነተኛ ከሳሽ ያገኘው ራሷን ልጅቱን ነው። በትምህርት ቤት የሴቶች ክበብ በኩል ወሬው ለርእሰ መምህሩ፣ ከዚያ ለፖሊስ ይደርሳል፤ ሠርጉ ይፈርሳል። እሷ ግን ማታ የምትገባው እዚያው ቤት ነው። ድግስ ያከሰረች፣ አባቷን ያስከሰሰች ልጅ ራቷን ከማን ጋር እንደምትበላ የሕጉ አንቀጽ አያወራም።

ማስገደድ ብቻ እንደማይበቃ የታየው ከባሕር ዳር ብዙ በማይርቅ ሞሰቦ በተባለ የገጠር መንደር ነው። በ1996 ዓ.ም. ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለ ድርጅት ከክልሉ የወጣቶችና ስፖርት ቢሮ ጋር “ብርሃነ ሔዋን” የተባለ ሥራ ጀመረ፤ ልጃገረዶች በቡድን ይሰበሰባሉ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይሰጣቸዋል፣ ወላጆች ይወያያሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የማግባት ዕድላቸው ካልተነካው መንደር ጋር ሲነጻጸር ወደ አንድ ዐሥረኛ ወርዶ፣ በትምህርት ገበታ የመገኘታቸው ዕድል ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ከ15 እስከ 19 ያሉት ግን ይበልጥ አገቡ። ዘጋቢዎች ይህን ሁለተኛውን ውጤት መዝለል ይወዳሉ፤ እኔ ዋናው እሱ ይመስለኛል። የመንደሩ አባቶች ልጅ መዳርን አልተዉም፣ ቀኑን ገፉት። በኋላ በተደረገ ሰፋ ያለ ሙከራ ደግሞ የትምህርት ቁሳቁስ በተሰጠበት አካባቢ ከ12 እስከ 14 ያሉት የማግባት ዕድላቸው 94 በመቶ ቀነሰ፤ በዓመት ሁለት ዶሮ በተሰጠበት ከ15 እስከ 17 ያሉት ዕድላቸው በግማሽ ቀነሰ። ሁለት ዶሮ! የዘመናት ባህል ነው የምንለው ነገር ዋጋው ስንት እንደ ሆነ አንዳንድ ጊዜ ገበያ ወጥቶ ማየት ነው።

በዚህ አገር የመጀመሪያው ትዳር የወላጅ ነው፣ ሁለተኛው የራሷ። ሰማንያ ጋብቻ ሲፈርስ ንብረት እኩል ይከፈላልና፣ ፍቺም ነውር ቢሆን እንግዳ ነገር አይደለምና፣ በልጅነቷ የተዳረችው ብዙውን ጊዜ ጥቂት ዓመት ቆይታ ትወጣለች። “ፈት” ትባላለች፤ ቃሉ ይጎዳል፣ ነገር ግን ከልጃገረድነት ይልቅ ሰፊ በር አለው። ፈት ቀጣዩን ባሏን ራሷ ትመርጣለች፣ ወይም ጠላ ጠምቃ ከተማ ትኖራለች። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ፣ በአዴት አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ ስንቷን ጭኖ እንዳለፈ ቢናገር ደስ ባለኝ። አዲስ አበባ የደረሰችው በሰው ቤት ሠራተኛ ትሆናለች፤ ከአንዱ አዛዥ አምልጣ ወደ ሌላ አዛዥ።

ያልወጣችውን የሚጠብቃት ምጥ ነው። ዳሌዋ ሳይሰፋ ያረገዘች ልጅ ሁለት ሦስት ቀን ካማጠች ሕፃኑን ታጣለች፣ ሽንቷንም መቆጣጠር ያቅታታል። እነ ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በ1951 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርሱ ያገኟቸው እነዚህን ነበር። በኋላ ያቋቋሙት የፊስቱላ ሆስፒታል የባሕር ዳር ቅርንጫፍ በ1997 መከፈቱ ለጎጃም ሴት መንገዱን አሳጠረ።

በዝምታ የተካሄደው ትልቁ እምቢታ ግን በመርፌ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመደቡ፤ ከዚያው አካባቢ የወጡ፣ ዐሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች። በሦስት ወር አንዴ የሚወጋው የወሊድ መከላከያ በእነሱ እጅ መንደር ገባ። መርፌው ምልክት አይተውም። ክኒን በሣጥን ይገኛል፣ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው በእጅ ይዳሰሳል፤ መርፌ ግን ባል ቢፈትሽም አያገኘውም። “ምነው አልወልድ አለች?” ሲባል አማት ጠበል ትወስዳለች፤ ምራት ትጠመቃለች፣ በቀጠሮዋ ቀን ደግሞ “ጨው ልገዛ” ብላ ትወጣለች። በ1992 በአገሪቱ ካገቡ ሴቶች መከላከያ የሚጠቀሙት 8 በመቶ ነበሩ፤ በ2008 አገር አቀፍ ጥናት 36 በመቶ ደረሱ፣ አማራ ክልል ደግሞ 47 በመቶ። ሁሉም ተደብቀው አይደለም፤ ብዙው ባል ከመሬት ጥበት የተነሣ ተስማምቷል። ያልተስማማውም ግን ስንት ጊዜ ሳያውቅ እንደ ተሸነፈ ቁጥሩ አይነግረንም።

ግርዛት ከዚህ ሁሉ ይለያል። ሞጣና ቢቸና አካባቢ ሴት ልጅ የምትገረዘው ገና በአራስነቷ፣ በተወለደች በቀናት ውስጥ ነው። ካልተገረዘች ዕቃ ትሰብራለች፣ ባለጌ ትሆናለች ይባላል። ለጋብቻ እምቢ የምትለው ልጅ እግር አላት፣ አስተማሪ አላት፤ የሰባት ቀን ሕፃን ማንም የላትም። እምቢ ማለት የምትችለው እናቷ ብቻ ናት፤ እናቷ ደግሞ ያን ቀን ራሷ አራስ ናት፣ በአማቷ እጅ ገንፎ የምትበላ። በ2008 ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ኢትዮጵያውያት 65 በመቶ የተገረዙ ናቸው፤ ከ15 በታች ካሉት ልጆች ግን እናቶች ተገርዛለች ያሉት 16 በመቶውን ነው። ግርዛትን የሚከለክለውን ሕግ ፈርተው የደበቁ ይኖራሉ። ግማሹ እንኳ እውነት ከሆነ፣ በአራስ ቤት ጨለማ ውስጥ እምቢ ያሉ እናቶች ብዛት የ1960ውን ሸማቂ በስንት እጥፍ ይበልጣል።

የመሬቱ ነገር አላለቀም። ያ አይለካም የተባለው መሬት በመጨረሻ ተለካ። የክልሉ የይዞታ ደብተር ሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዱ እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም፣ ጎዛምን ነው። ገመድ ተዘረጋ፣ ደብተር ተሰጠ፤ በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን ተጻፈ፣ ፎቷቸውም ተለጠፈ። አያቶቹ የሞቱበት መለኪያ ለልጅ ልጃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ ወረቀት ሰጣት።

በሐምሌ 2006 ለንደን ላይ ኢትዮጵያ ያለ ዕድሜ ጋብቻንና ግርዛትን በ2017 ዓ.ም. አጠፋለሁ ብላ ቃል ገባች። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ ክልሉ ጦርነት ገባ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ክበቡም፣ የሚነገረው አስተማሪም፣ ደብተሩም አብሮ ይዘጋል፤ አባትም ልጁን በታጣቂ መካከል ከሚያኖራት በባል ቤት ብትሆን ይሻላል ይላል። ልመልስለት ብሞክር ቃል ያጥረኛል።

የልደት መዝገቡ ሲከፈት የተመዘገበችው የመጀመሪያዋ ሕፃን፣ ማንም ጥርሷን ሳያይ፣ በወረቀት 18 ዓመት የምትሞላው በ2026 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ ብዙ ጥሮች አሉ።