ተጨማሪ መረጃ፦ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ለአማተር ሬዲዮ

የአማተር ሬዲዮ መሣሪያ ሲያዳምጥና ሲያሰራጭ የሚፈልገው ኃይል በእጅጉ ይለያያል። አይኮም አይሲ-7300 ሲያዳምጥ 1 አምፒር አካባቢ ይበቃዋል፤ በ100 ዋት ሲያሰራጭ ግን እስከ 21 አምፒር ይስባል፤ ያውም በ13.8 ቮልት። ገዢው ማየት ያለበት ፓወር ሰፕላዩ ያለማቋረጥ የሚሰጠውን አምፒር ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር አንዳንዴ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚደርስበት ጣሪያ ነው።

ለፋብሪካ መሣሪያዎች የተሠራው ሚን ዌል ኤልአርኤስ-350-12 ከርካሾቹ አንዱ ነው፤ በ12 ቮልት 29 አምፒር ይሰጣል። ከሽቦ ማሰሪያዎቹ አጠገብ ያለችው ትንሽ ማስተካከያ በካቻቢቴ ስትዞር ቮልቴጁ እስከ 13.8 ይወጣል። የ115 እና የ230 ቮልት መምረጫም አለው፤ የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት ስለሆነ፣ ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት መምረጫው 230 ላይ መሆን አለበት። የመብራቱ ሽቦ የሚታሰርባቸው ብሎኖች እጅ ሊነካቸው ይችላል፤ ሽፋን ሳይሠሩለት መጠቀም ለሕይወት ያሰጋል።

ከዋጋውም በላይ የሚያሳስበው በሬዲዮው ውስጥ የሚያሰማው ጩኸት ነው። እንዲህ ያለው ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እየቆራረጠ ስለሚሠራ፣ ርዝራዡ አጭር ሞገድ ድረስ ይዘልቃል።

መፈተኑ ቀላል ነው። ሬዲዮው በባትሪ ይከፈትና አንቴናው ተገጥሞ 7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይደመጣል። ከዚያ ፓወር ሰፕላዩ የመኪና አምፖል እንዲያበራ ተደርጎ ይሰካል። ጩኸቱ ያኔ ከጨመረ ጥፋቱ የፓወር ሰፕላዩ ነው። ገመዶቹን በፌራይት ቀለበት ላይ ደጋግሞ መጠምጠም ብዙ ጊዜ ይቀንሰዋል። አሊንኮ ዲኤም-330 የተባለው ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ጩኸቱን ከሚደመጠው ፍሪኩዌንሲ ገለል የሚያደርግ ማዞሪያ አለው።