ካቻቢቴ የማይደርስበት

ሞተር ሳይክል የገዛ ወጣት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚነካው ማርሚታውን ነው። የፋብሪካውን አውልቆ ሰፈር የሚቀሰቅስ ክፍት ማርሚታ ያስገጥማል። ቀጥሎ የፊልትሮው ሣጥን ይወጣና በቦታው ሾጣጣ ፊልትሮ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ሞተሩ አመል ያወጣል። ሚኒሞው አይረጋም፣ ነዳጅ ሲሰጡት ደንገጥ ብሎ ነው የሚነሳው፣ ሲቀንሱለት ደግሞ ማርሚታው ውስጥ ጧ ጧ ይላል። መካኒኩ ካቻቢቴውን መዞ ካርቡሬተሩ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን ሩብ ዙር ወዲህ፣ ሩብ ዙር ወዲያ ያዞራል። ሚኒሞው ይስተካከላል፣ ሂሳብ ይከፈላል፤ ዳገት ላይ ሲደረስ ግን ሞተሩ ያው ነው።

መካኒኩ አላጭበረበረም። ብሎኗ የምታዘው ሞተሩ ቆሞ ሲሠራና ነዳጅ በትንሹ ሲሰጠው ነው። ከዚያ በላይ ያለውን የያዙት ሌሎች ክፍሎች ናቸው፤ እነሱም ካርቡሬተሩ ካልተፈታ አይታዩም።

ካርቡሬተር ውስጡ ሲታይ ወገቡ የጠበበ ቱቦ ነው። አየር በጠባቡ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል፤ ወገቡም ስለ ፈሳሾች ፍሰት በ1797 እ.ኤ.አ. ጽፎ ባሳተመው ጣሊያናዊ የፊዚክስ ሊቅ ስም ቬንቱሪ ይባላል። ከሥር ቤንዚን የያዘ ሳህን አለ፤ እንደ ሽንት ቤት የውኃ ማጠራቀሚያ ሁሉ ተንሳፋፊ ነገር ከፍታውን ይጠብቅለታል። ሳህኑ ላይ የተጫነው የውጭ አየር ቤንዚኑን ጄት በሚባሉ የነሐስ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ወገቡ ይገፋዋል። ሞተሩ ቤንዚን «ሳበ» ማለታችን ልማድ ሆኖብን ነው።

የፋብሪካው ሣጥን አየሩን በመጠኑ ያንቅ ስለነበር ጄቶቹ የተመረጡት ለዚያ መታነቅ ነው። ሣጥኑ ሲወጣ አየሩ ይበዛል፣ በወገቡ ያለው የግፊት ልዩነት ይቀንሳል፣ ቤንዚኑም ያንሳል። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል፤ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ ደግሞ ቤንዚኑ ከዚህም በዛ እንዲልለት ይሻል።

ችግሩ የት እንዳለ ለማወቅ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ነዳጅ መስጫው እጀታ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ሩቡ፣ ግማሹና ሦስት ሩቡ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ይደረግ። በቀላሎቹ ካርቡሬተሮች እስከ ሩብ ድረስ የሚያዙት ትንሹ ጄትና ብሎኗ ናቸው፤ ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ ነዳጅ ሲሰጥ የምትነሳው መርፌ፣ ከዚያ በላይ ትልቁ ጄት። ሞተሩ የቱ ምልክት ላይ እንደሚያስቸግር ያየ ሰው ምኑን እንደሚፈታ ያውቃል። እዚያው ምልክት ላይ ቾኩን ትንሽ ሳብ ማድረግም ይረዳል። ከተሻለው ቤንዚን አንሶታል፤ ከባሰበት በዝቶበታል።

ይህ ሁሉ ግን ካርቡሬተሩና ሞተሩ የሚገናኙበት ጎማ ካልተሰነጠቀ ነው። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ የካርቡሬተር ማጽጃ እዚያ ላይ ሲረጭ ድምፁ ከተለወጠ አየር ይገባል ማለት ነው፤ ያኔ ጄት መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። ማጽጃው የሚቃጠል ነገር ስለሆነ የጋለ ማርሚታ ላይ እንዳይደርስ።

እኔ ከትልቁ ጄት መጀመሩን እመርጣለሁ፤ መርፌዋ የምትቆጣጠረው ቤንዚን የሚያልፈው በእሱ በኩል ነውና። ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይሰፋል። የካርቡሬተር አምራቾቹ የሚኩኒና የኬይሂን አቆጣጠር ስለሚለያይ የአንዱ 110 የሌላው 110 አይደለም። ጄቱን በሽቦ ፈቅፍቀው የሚያሰፉ አሉ፤ ከዚያ በኋላ ጄቱ ቁጥር የለውም፣ ቢሳሳቱም ወደ ኋላ መመለሻ የለም። አዲስ ካንዴላ ገጥሞ፣ ባዶ መንገድ ላይ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ሰጥቶ፣ ፍሪስዮን ይዞ ሞተሩን ማጥፋትና ካንዴላውን ማየት የቆየ ፈተና ነው። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፤ የምጣድ ጥላሸት ከመሰለ በዝቶበታል፤ የማኪያቶ ቀለም ከያዘ ደህና ነው። እርሳስ በሌለው ቤንዚን ቀለሙ ቶሎ ስለማይወጣ አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ መፍረድ አይበጅም።

መርፌዋ አናቷ ላይ ብዙውን ጊዜ አምስት ቁርጥ መስመሮች አሏት፤ ቅንጥቧ አንድ ደረጃ ስትወርድ መርፌዋ ትነሳለች፣ ቤንዚኑ ይጨምራል። መስመር ከሌላት ከአናቷ ሥር ቀጭን ሮንዴላ ይገባል። ብሎኗ የመጨረሻዋ ናት፣ እሷም ሁለት ዓይነት ናት። በፊልትሮው በኩል ያለችው የምትቆጣጠረው አየር ስለሆነ ስትላላ ቤንዚኑ ያንሳል፤ በሞተሩ በኩል ያለችው ግን ስትላላ ይጨምራል። ይህን ሳያዩ የሚያዞሩ እጆች ብዙ ናቸው።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩን የሚያወሳስብ ሌላም አለ። ከተማዋ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ ከባሕር ጠረፉ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለቆላ ተስተካክሎ የመጣ ሞተር እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል። ስለዚህ ፊልትሮው ሲከፈት ሁለቱ ስሕተቶች በከፊል ይጣፋሉ፤ ባለሞተሩም «ጉልበት ጨመረ» ብሎ ይደሰታል። ያው ሞተር በሞጆና በአዳማ አድርጎ ከ1,000 ሜትር በታች ወዳለችው አዋሽ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል። ቀዳዳው ግን ያው ነው፤ ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ካንዴላው ይነጣል። ወደዚያ የሚወርድ ሰው አንድ ቁጥር የሚበልጥ ጄት በኪሱ ቢይዝ ክብደቱ ከሳንቲም አይበልጥም።