ድኩላን በምድር ላይ ሆኖ ስለ ማደን

አደን አውሬን ፈልጎ አግኝቶ የመግደል ሥራ ነው። ይህም ሥራ በሁለት ዓይነት መንገድ ይፈጸማል። አንደኛው አዳኙ ዛፍ ላይ ወይም በእንጨት በተሠራ ማማ ላይ ወጥቶ አውሬው በሥሩ እስኪያልፍ ድረስ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅበት ነው። ሁለተኛው አዳኙ በእግሩ እየሄደ፥ ዱካ እየተከተለና እያደባ ወደ አውሬው የሚቀርብበት ነው። በሰሜን አሜሪካ ብዙ አዳኞች በዛፍ ግንድ ላይ የሚታሰር መቀመጫ ሠርተው ከዚያ ላይ ይተኩሳሉ፤ በህንድ አገርም ታይገር የሚባለውን ትልቅ አውሬ ለመግደል መቻን የሚሉትን ማማ በዛፍ ላይ ይሠሩ ነበር። በኢትዮጵያ ግን ማማ ይበልጥ የታወቀው በእህል ጥበቃ ነው። ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ የሚውለው ልጅ ዝንጀሮንና ወፍን ያባርራል እንጂ አውሬ ለመግደል አይቀመጥም። የአገራችን አደን ከጥንት ጀምሮ በይበልጥ የእግር ሥራ ነበር።

ይህን ለማስረዳት የደንዲን አገር ምሳሌ አድርጎ መውሰድ ይቻላል። ደንዲ በምዕራብ ሸዋ የሚገኝ ወረዳ ሲሆን፥ ከተማው ጊንጪ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። የአዋሽ ወንዝ የሚመነጨው ከዚሁ ደጋ ነው። ከጊንጪ በስተደቡብ በኩል የደንዲ ተራራ በአናቱ ላይ ሐይቁን አቅፎ ይታያል፤ በስተሰሜን በኩል ደግሞ የጭልሞ ደን አለ። በጭልሞ ጥድ፥ ዝግባ፥ ወይራና ጥቁር እንጨት ይበቅላሉ። ዱሮ የመካከለኛውን ኢትዮጵያ ደጋ ሸፍኖ ከነበረው ደን የቀረው ጥቂት ስለ ሆነ፥ ጭልሞ ከነዚያ ቅሬታዎች አንዱ ሆኖ ይቈጠራል። በእንደዚህ ያለ ደን ውስጥ የሚኖረው ዋነኛው ቀንዳም አውሬ ድኩላ ነው።

አስቀድሞ አንድ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚታደነው፥ በአማርኛ ብዙ ጊዜ አጋዘን እየተባለ የሚጻፈው አውሬ፥ ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚከፋፈል ነው፤ ቀንዱም በየዓመቱ ወድቆ እንደ ገና ይበቅላል። ይህ ወገን በኢትዮጵያ የለም። በአፍሪካ ምድር በተፈጥሮው የሚገኘው በሰሜን ጫፍ በአልጄሪያና በቱኒዝያ ብቻ ነው። እኛ አገር አጋዘን የሚባለው፥ በ1969 ዓ.ም. በወጣው የአሥር ሳንቲም ገንዘብ ላይ ሥዕሉ ያለው የደጋ አጋዘን፥ በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚኖር ሲሆን ወገኑ ከድኩላ ነው። የድኩላም የአጋዘንም ቀንድ ቅርንጫፍ የሌለው፥ የተጠማዘዘና እስከ ሞቱ ድረስ የማይወድቅ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ የሚገኘውን ጠቈር ያለውን ድኩላ ኦስካር ኖይማን የተባለ የጀርመን ሊቅ በ1902 እ.ኤ.አ. በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ስም ስለ ሰየመው እስከ ዛሬ የምኒልክ ድኩላ ይባላል።

ወንዱ ድኩላ ጠጕሩ ረዘም ያለ፥ መልኩ ወደ ጥቁር ያደላ ነው፤ ሴቲቱ ቀላ ትላለች፤ ቀንድም የላትም። ድኩላ በመንጋ አይሄድም። ብቻውን ወይም ሴቲቱ ከግልገሏ ጋር ሆና በአንድ ትንሽ ቦታ ይኖራል፤ ያንንም ቦታ በቀላሉ አይለቅም። ቀን ቀን በጥሻ ውስጥ ተኝቶ ያመሰኳል፤ ማለዳና ወደ ማታ፥ ሌሊትም ጭምር፥ ወደ ደን ዳር እየወጣ ቅጠልና ለምለም ሣር ይበላል። ዝንጀሮና ጦጣ ከዛፍ ላይ የሚጥሉትን ፍሬ እየተከተለ የሚለቅምበትም ጊዜ አለ። ሲደነግጥ እንደ ውሻ ይጮኻል፤ ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው በደኑ ውስጥ ውሻ ያለ ይመስለዋል። ከሰው ቀጥሎ ዋናው ጠላቱ ነብር ነው፤ ጠባዩም ሁሉ የተሠራው አድብቶ ከሚመጣ ጠላት ለመዳን ነው። እንግዲህ በምድር ሄዶ ድኩላን የሚያድን ሰው የሚሞክረው፥ ነብር በተፈጥሮው የተማረውን ሥራ ነው።

በዚህ ሥራ ትልቁ ነገር ነፋስ ነው። ድኩላ በዓይኑ ያየውን ሊጠራጠር ይችላል፤ በጆሮው የሰማውንም ቆሞ ያደምጠዋል፤ በአፍንጫው ያገኘውን የሰው ጠረን ግን አይጠራጠርም፤ ወዲያው ይሸሻል። ስለዚህ አዳኙ ነፋሱ ከአውሬው ወደ እርሱ የሚመጣበትን አቅጣጫ መያዝ አለበት። ይህንንም ለማወቅ ጥቂት አመድ ወይም የጤፍ ገለባ ከጣቱ መካከል እየለቀቀ ወዴት እንደሚሄድ ያያል።

በደጋ አገር ደግሞ ነፋስ በቀን ውስጥ መንገዱን ይለውጣል። ምክንያቱም እንዲህ ነው። ሌሊት ምድሩ ሲቀዘቅዝ በላዩ ያለው አየር ይከብዳል፤ የከበደውም አየር እንደ ውሃ ከተራራው ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ፀሐይ ወጥታ ዳገቱን ካሞቀችው በኋላ ግን አየሩ ይቀላል፤ የቀለለውም አየር ዳገቱን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ማለዳ ከሸለቆው በታች ሆኖ ወደ ላይ እያደባ የሚሄድ አዳኝ ጠረኑ ከኋላው ይቀራል፤ ድኩላውም አያውቅበትም። ያው ሰው ረፋድ ላይ በዚያው መንገድ ቢሄድ፥ ጠረኑ ቀድሞት ሄዶ በደኑ ውስጥ ያለውን አውሬ ሁሉ ያስነሣበታል። ረፋድ ላይ ከበላይ ሆኖ ቁልቁል መውረድ ይሻለዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ነገሩ እንደ ገና ይገለበጣል። ይህን የማያውቅ ሰው ድኩላው አዋቂ ወይም ጠንቋይ የሆነ ይመስለዋል፤ ያታለለው ግን አየሩ ነው።

ከነፋስ ቀጥሎ አካሄድ ነው። በምድር የሚያድን ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከጥቂት መቶ ሜትር የበለጠ ላይሄድ ይችላል። ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዶ ይቆማል፤ ፊቱን ብቻ ቀስ አድርጎ እያዞረ ጥሻውን ይመረምራል፤ ከዚያ ደግሞ ይራመዳል። እግሩን ሲያኖር ክብደቱን ከመጣሉ በፊት ከሥሩ ደረቅ እንጨት አለመኖሩን በጣቱ ይፈትናል። ከዝናብ በኋላ ቅጠሉ ስለሚለሰልስ አካሄዱ ይቀላል፤ በበጋ ግን የደረቀው ቅጠል እንደ ቆሎ ይጮኻል።

የድኩላ ዓይን በራሱ ግራና ቀኝ ስለ ተቀመጠ ብዙ ስፍራ በአንድ ጊዜ ያያል፤ ይልቁንም የሚንቀሳቀስ ነገር አያመልጠውም። ሆኖም ቀዩን ከአረንጓዴው እንደ ሰው አይለይም፤ ሳይነቃነቅ የቆመንም ሰው ከግንድ ለይቶ ማወቅ ይቸግረዋል። ነገር ግን ነጭ ጋቢ ለብሶ ወደ ጥቁር ደን የሚገባ ሰው፥ አመድም ቢበትን፥ እግሩንም ቢያለሰልስ፥ ድካሙ ከንቱ ነው።

ዱካን ማንበብ ሌላ ትምህርት ነው። የድኩላ ኮቴ እንደ ፍየል ሁለት ሆኖ የተሰነጠቀ፥ ግን ሾጠጥ ያለ ነው። በዱካው ጉድጓድ ውስጥ የዝናብ ነጠብጣብ ቢታይ አውሬው ያለፈው ከዝናቡ በፊት ነው። ሣሩ በጤዛ ነጥቶ ሳለ በመካከሉ ጤዛው የረገፈ መሥመር ቢኖር አውሬው ያለፈው በዚያው ማለዳ ነው። በጭቃ ላይ የኮቴው ጠርዝ ስለታም ከሆነ ትኩስ ነው፤ ደርቆ መፈራረስ ከጀመረ አሮጌ ነው። የተጣለውም በጠጥ ገና የሚያብለጨልጭ ከሆነ አውሬው ሩቅ አልሄደም።

ማማ ላይ የተቀመጠ አዳኝ ከዚህ ከብዙው ድካም ይድናል። ጠረኑ ብዙ ጊዜ ከአውሬው በላይ ያልፋል፤ ሩቅም ያያል፤ አውሬም ወደ ላይ አንጋጦ የማየት ልማድ እምብዛም የለውም። ጕዳቱ ደግሞ ይህ ነው፤ አውሬው የሚያልፍበትን መንገድ አስቀድሞ ያላወቀ ሰው ሲጠብቅ ውሎ ባዶ እጁን ይመለሳል። መውደቅም አለ። በአሜሪካ በአደን ላይ ከሚደርሱት አደጋዎች ብዙዎቹ ከዛፍ መቀመጫ የመውደቅ ናቸው።

በአንድ ነገር ግን ማማ ከምድር በግልጥ ይበልጣል፤ እርሱም የጥይት መንገድ ነው። ከላይ ወደ ታች የተተኰሰ ጥይት አውሬውን ቢስትም ባይስትም መሬት ውስጥ ይቀበራል። በጀርመን አገር አዳኞች ከፍ ባለ መቀመጫ ላይ ሆነው የሚተኩሱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በምድር ቆሞ የተኰሰ ሰው ግን ጥይቱ ከምድር ጋር ትይዩ ሆኖ ይሄዳል። የጠበንጃ ጥይት ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድና ሊገድል ይችላል። እንደ ጭልሞ ባለ ደን ውስጥ ደግሞ ማለዳና ማታ፥ ድኩላ በሚወጣበት በዚያው ሰዓት፥ ሴቶች እንጨት ለቅመው ይመለሳሉ፤ እረኞች ከብት ያስገባሉ፤ ልጆች ውሃ ይቀዳሉ። ጥሻው ሰውየውንና አውሬውን አብሮ ይሰውራል። ስለዚህ በምድር የሚያድን ሰው ከአውሬው በስተኋላ ጥይቱን የሚያስቀር ዳገት ወይም ገደል ከሌለ፥ ድኩላው ፊት ለፊቱ ቢቆምም፥ ጠበንጃውን ማውረድ ግዴታው ነው። የጥሻ መነቃነቅ አይቶ መተኰስም ከዚህ የከፋ ጥፋት ነው። ብዙ እናት ያለቀሰችው አውሬው ሳይታይ በተተኰሰ ጥይት ነው።

በጦር ዘመን ይህ ጭንቀት አልነበረም። በዱሮ ጊዜ የአገሩ ሰው በጦርና በውሻ፥ በጉድጓድና በወጥመድ ያድን ነበር፤ ብዙ ሆነውም ደኑን ከብበው እየጮኹ አውሬውን ጦረኞች ወደ ቆሙበት ያባርሩት ነበር። ክብር የሚያሰጠው ግን ዝሆን፥ አንበሳ፥ ጎሽና አውራሪስ መግደል ነበር፤ ፉከራውም ለእነርሱ ነበር። ድኩላ የገደለ ሰው ሥጋውን ይዞ ቤቱ ይገባል እንጂ አይፎክርም። ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ እንስሳ ስለ ሆነ ሥጋው ይበላል፤ ሆኖም አዳኙ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ በሃይማኖቱ ሥርዓት ሊባርከው ይገባ ስለ ነበር ከቅርብ መምታት ግድ ይሆንበት ነበር። ኋላ ሰናድር፥ ውጅግራና ምንሽር በአገሩ በበዙ ጊዜ አደኑ ቀለለ፤ አውሬውም በዚያው መጠን ማለቅ ጀመረ።

ስለ ቆሰለ ድኩላ ጥቂት መናገር ይገባል። የቆሰለ ድኩላ ተኝቶ ይጠብቃል፤ ወዲያው የተከተሉት እንደ ሆነ ተነሥቶ ሩቅ ይሄዳል፤ ካልተገኘም በጥሻ ውስጥ ተሠቃይቶ ይሞታል። ስለዚህ አዋቂ አዳኝ ግማሽ ሰዓት ያህል ታግሦ ይከተለዋል። ደሙ ቀይና አረፋ ያለበት ከሆነ ሳንባው ተመትቷል፤ ጠቁሮ የወፈረ ከሆነ ጕበቱ ነው፤ የቅጠል ፈርስ የተቀላቀለበት ከሆነ ሆዱ ነው፤ ያን ጊዜ ብዙ ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል። ወንዱ ድኩላ ከውሻ ወይም ከሰው ጋር በጥሻ ውስጥ ፊት ለፊት ቢገናኝ በቀንዱ ይወጋል፤ በዚህም የሞቱ ውሾች ብዙ ናቸው። ቁመቱ እንደ ፍየል ነው ብሎ መናቅ አይገባም።

ዛሬ በኢትዮጵያ ማንም እንደ ፈቃዱ አውሬ መግደል አይችልም። በ1936 ዓ.ም. ስለ አውሬ ጥበቃ አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ወጣ። ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ፥ ለአደን በተከለለ ስፍራ፥ የታዘዘውን ገንዘብ ከፍሎ ያድናል፤ የምኒልክ ድኩላም በዚህ ሥርዓት ከሚታደኑት አንዱ ነው። የጭልሞ ደን ግን የአደን ክልል አይደለም። የአካባቢው ሰዎች በማኅበር ሆነው ከመንግሥት ጋር በስምምነት ይጠብቁታል፤ ከደኑም እንደ ስምምነቱ ይጠቀማሉ።

የገበሬው ችግር ግን እውነተኛ ነው። ደኑ እየጠበበ እርሻው እስከ ዛፉ ሥር ስለ ደረሰ፥ ድኩላው ሌሊት ወጥቶ ባቄላና አተር ይበላል፤ ዝንጀሮና የዱር አሳማ ደግሞ ከእርሱ የበለጠ ያጠፋሉ። ያጠፋው አሳማ ሆኖ ሳለ በቀሉ በድኩላው ላይ የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱም ድኩላው ይበላል፥ አሳማው ግን አይበላም። ማለዳ ተነሥቶ የእርሻውን ዳር የተመለከተ ልጅ ይህን ሊለይ ይችላል። አሳማ ምድሩን በአፍንጫው ይቆፍራል፤ ሥሩንም ይገለብጣል። ድኩላ ግን ጫፍ ጫፉን ቀጥፎ ይሄዳል፤ አፈሩን አይነካም። በጭቃው ላይም ያ ሾጠጥ ያለው ኮቴ፥ አንዱ ከአንዱ ፊት ተራምዶ፥ ጤዛው ወደ ረገፈበት ወደ ደኑ ይመለሳል።